የቀበሌያችን ጥፋተኛ፣ ባለጋሪው ኩማ

ቀበሌያችን የራሱ አዳራሽ፣ የራሱ ሱቅ፣ የራሱ እስር ቤትና የራሱ ጥፋተኛ ነበረው። አዳራሹ ሸሽቶ ከሄደ ነጋዴ የተወረሰ መጋዘን ነው። ሱቁን መንግሥት ሰጠው። እስር ቤቱ የመጋዘኑ ዕቃ ክፍል ነበር፤ ከአዳራሹ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። ጥፋተኛውን ግን ማንም አልሰጠውም። በራሱ እግር ተነስቶ የመጣ ነው። ኩማ ይባላል፤ ባለጋሪ ነው።

ኩማ ከከምባታ አገር ወደ ሀዋሳ የመጣው ከተማዋ ገና ስትመነጠር ነው። ቁጥቋጦ ሲቆርጥ፣ ድንጋይ ሲሸከም ቆይቶ ፈረስና ጋሪ አበጀ። ከዚያ ወዲያ ኑሮው አንድ ዓይነት ሆነ። ጠዋት ከሱቆቹ ጓሮ ባዶ ካርቶን፣ ጆንያ፣ ጠርሙስና የዘይት ቆርቆሮ ይጭናል። ጠርሙሱን ጠጅ ቤቶች ይወስዱታል፤ ጆንያው ወደ እህል ተራ ይሄዳል፤ ቆርቆሮው ቀጥቃጮች ጋ ደርሶ ኩራዝ ሆኖ ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ ሰው ይጭናል። በመሐል ፈረሱ፣ ዳማው፣ ከኑሪ ሱቅ ጫፍ ካለው ሾላ ሥር ቆሞ ያርፋል። ጥላው ሰፊ ነው፤ ባለ ሱቆቹም ሲፈልጉት ከደጃቸው ሆነው ይጠሩታል። ኩማ በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የሚለው ነገር ቢኖር ሚስቱ ታቢታ፣ ዳማው፣ ጋሪውና ያ የሾላ ሥር ነበሩ።

ስብሰባ እሑድ ጠዋት ነው። ሰው ወደ ጸሎት በሚሄድበት ሰዓት እንዲሆን ታስቦ የተመረጠ ሰዓት ነበር። የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም፤ ስለዚህ ማንም አይቀርም። የስብሰባው የመጨረሻ አጀንዳ ሁልጊዜ ሂስና ግለ ሂስ ነው። በየሳምንቱ አንድ ጥፋት ተገኝቶ፣ አንድ ሰው አጠፋሁ ብሎ፣ ያ ለበላይ ሪፖርት ካልተደረገ ስብሰባው አይዘጋም። ሊቀመንበሩ ግዛቸው ከአብዮቱ በፊት የአንድ ባላባት እርሻ ጸሐፊ ነበር። ለባላባቱ ያጎነብስ የነበረውን ያህል አሁን ለበላዩ ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ያጎነብሳል፤ ወገቡ የለመደውን ሥራ ስላላጣ አብዮቱን ከልቡ ይወደዋል።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ በርሜል ላምባ ነው። የቀበሌው ሱቅ ላምባ ፈሶ አደረ።

«ክዳኑን ሳይዘጋ የሄደው ማነው?» አለ ግዛቸው።

አዳራሹ ጸጥ አለ። የቀበሌያችን ሰው ዝም ማለት ያውቅበታል። ሌላው ሥራ ሁሉ ቢሳነው ይህን አይሳነውም። አንዱ ጥፍሩን ይመለከታል፤ አንዱ የፊተኛውን ሰው ማጅራት ያጠናል። ሱቁን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ሦስት የኮሚቴ አባላት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው እነሱም «ማን ይሆን?» በሚል ፊት ወደ ኋላ ዞረው ሰውን ያያሉ። የአብዮት ጥበቃዎቹ በሩን ዘግተው ቆመዋል።

ኩማ ያን ቀን ከመንገድ ላይ ተይዞ የመጣ ስለነበር ፈረሱን አልፈታም። ዳማው ከነጋሪው ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር፤ ኮቴውን ሲደበድብ አዳራሹ ውስጥ ይሰማል። ኩማ ጥቂት አዳመጠና ተነሳ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ ምን?»

«ክዳኑን። ያልዘጋሁት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ፤ ሁለተኛ አይለምደኝም።»

ኩማ የሱቁን ደፍ ረግጦ እንደማያውቅ ሁሉም ያውቃል። ግዛቸውም ያውቃል። ግዛቸው ግን ምሳው እየቀዘቀዘ ነበር።

«ጓድ ኩማ ላደረገው አብዮታዊ ግለ ሂስ ሞቅ ያለ ጭብጨባ!»

ተጨበጨበ። በሩ ተከፈተ። ኩማ ሮጦ ፈረሱን ውኃ አጠጣ።

ከዚያ በኋላ ቀበሌያችን ጥፋተኛ አገኘ። የቦኖው ቧንቧ ቢሰበር ኩማ ነው። ለበዓል ኖራ ያልተቀባ ግንድ ቢገኝ ኩማ ነው። አንድ ጊዜ የሴቶች ማኅበር የስፌት መኪና መርፌ ተሰበረ፤ ኩማ ተነስቶ «እኔ ነኝ፤ ስሰፋ ነው» አለ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፤ ግዛቸው ጭብጨባ ጠየቀ፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። ሰው አስቀድሞ ከኩማ አጠገብ ቦታ መያዝ ጀመረ። በተለይ ሻይ ቤት ያላት ገበያነሽ፣ የሴቶች ተወካይ፣ ከኋላው ነበር የምትቀመጠው።

«ኩሜ፣ ዛሬ ቶሎ በል። ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት።»

«እትዬ ገበያነሽ፣ ጥፋቱ ምን እንደሆነ ገና አልተነገረም እኮ።»

«አንተን ምን አገባህ? ሲነገር ትሰማለህ።»

ባለ ሱቁ ኑሪ ደግሞ ለአጠገቡ ሰው በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ «ጴንጤ አይደል? ንስሐ ምን ይከብደዋል!» ይል ነበር። የኩማ ጸሎት ቤት ያን ጊዜ ታሽጎ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ወደዚሁ አዳራሽ ተጭነው መጥተዋል። ኩማ ጥፋቱን የሚናዘዘው ድሮ መዝሙር ይዘምርበት ከነበረው ወንበር ላይ ተነስቶ ነው። ይህን ልብ ያለ ሰው ካለ አልተናገረም።

ታቢታ ግን ታዝን ነበር። «ሌላ ሰው የሰበረውን ለምን ትሸከማለህ?» ትለዋለች።

«ቃል ነው። አይከብድም። ዳማው ፀሐይ ላይ ከሚውል…»

«አንድ ቀን ይከብዳል።»

ያ ቀን የመጣው ስምንተኛው የአብዮት በዓል ሲቃረብ፣ በክረምቱ ነው። እንግዶች በከተማዋ ያልፋሉ ተባለና ማዘጋጃ ቤቱ ሁለት ነገሮች በየቀበሌው ውይይት ተደርጎባቸው እንዲወሰኑ አዘዘ። አንደኛው ንግድ ቤቶች የሚጥሉት ዕቃ ተሰብስቦ እንደገና ሥራ ላይ እንዲውል፣ ሁለተኛው ተሽከርካሪ በተከለለ ቦታ ብቻ እንዲቆም ነው። ውይይት ማለት በእኛ ቀበሌ የተወሰነውን ነገር ጮክ ብሎ ማንበብ ነው።

በመጀመሪያው እሑድ ግዛቸው ስለ ተጣለው ዕቃ አነበበ። ኑሪ እጁን አወጣ። ኑሪ ደፋር ሆኖ አይደለም፤ ነገሩ የገዛ ጓሮው ስለሆነ ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አሁንም እኮ ሥራ ላይ ይውላል። ኩማ ይወስደዋል።»

«ኩማ ግለሰብ ነው። እኛ የምንለው በተደራጀ መልክ ነው።»

«በተደራጀ መልክ ማን ይወስደዋል?»

«ኮሚቴ ይቋቋማል።»

«ኮሚቴው ጋሪ አለው?»

«ኮሚቴው ሰብሳቢና ጸሐፊ አለው» አለ ግዛቸው፣ ቆጣ ብሎ። ኑሪ ተቀመጠ። ባዶ ዕቃው ሁሉ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ግቢ እንዲከማች ተወሰነ። እጆች ወጡ። ማንም ሰው ከግቢው ማንሳት እንደማይችልም ተጨመረ፤ የሕዝብ ንብረት ነውና። ኩማ የጠዋት ሥራውን በዚያች ደቂቃ አጣ። የዚያን ቀን የቀረበው ጥፋት የጎደለ አካፋ ነበር። ኩማ ተነስቶ የአካፋውንም ጥፋት ወሰደ።

በሁለተኛው እሑድ የማቆሚያው ነገር መጣ። በቀበሌያችን የነበረው ተሽከርካሪ ጎማ የሌለው አንድ ፊያት፣ ሁለት ሞተር ብስክሌትና ጋሪዎች ናቸው። ገበያነሽ እጇን አወጣች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ፈረስ ተሽከርካሪ ነው?»

«ጋሪው ይሽከረከራል።»

«ፈረሱስ?»

ግዛቸው ወረቀቱን አገላበጠ። ፈረስ የሚል አልነበረበትም። «ፈረሱ የተሽከርካሪው አካል ነው» አለ።

«ፋንድያውስ? እሱም አካል ነው?»

ሳቅ ሆነ። ግዛቸው ጠረጴዛውን መታ። «ይህ የሚያስቅ አይደለም! ፈረስ የተሽከርካሪ አካል መሆኑን የምትደግፉ!» እጆች ወጡ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። እንዲህ ያለ ነገር በሙሉ ድምፅ ሲያልፍ ያየ ሰው ከዚያ ወዲያ በምንም አይገረምም።

ኩማ በዚያ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ ጉዳይ ተነሳ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሾላው ሥር ስቆም መንገድ አልዘጋም። ሥራዬም እዚያ ነው፤ ሰው የሚያገኘኝ እዚያ ነው። ፈረሱም ጥላ ያገኛል።»

«ጥላ የግል ጥቅም ነው» አለ ግዛቸው።

ሾላው ከኑሪ ሱቅ ጫፍ ነው፤ ኑሪ ከኩማ ጋር ስንት ዓመት ጠዋት ጠዋት ሰላም ተባብሏል። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ማቆሚያው የት ይሁን ሲባል ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ግቢ ይሁን ተባለ። እጆች ወጡ። ያው ግቢ ባለፈው እሑድ ለባዶ ዕቃ መሰጠቱን የሚያስታውስ ሰው ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። መናገር ግን ስብሰባውን ያስረዝማል። ለኩማ የተደረገለት ነገር ቢኖር የማቆሚያው መስመር እስኪሰመር ሾላው ሥር እንዲቆይ መፈቀዱ ነው።

ግቢው መሙላት ጀመረ። ደህናውን ቆርቆሮና ደህናውን ጆንያ ባለ ሱቆቹ ለራሳቸው አስቀርተው፣ ለሕዝብ የሰጡት የተሰበረ ጠርሙስ፣ የበሰበሰ ካርቶንና ሽንኩርት የተበላሸበት ከረጢት ነበር። ገበያነሽ የሻይ ቅጠል አተላና የእንቁላል ቅርፊት አዋጣች። ዝናቡ መጣበት። ሽታው ወጣ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች ከሐይቁ ዳር እየበረሩ መጥተው ክምሩ ላይ ቆሙ፤ ራሰ በራ ናቸው፤ አንገታቸውን ሰብረው ቆመው ሲያዩአቸው ስብሰባ ላይ ያሉ ይመስላሉ። ከኮሚቴው ይልቅ በሰዓቱ የሚገኙት እነሱ ነበሩ። ኮሚቴው አንድም ቀን አልመጣም።

ከዚያ የማቆሚያውን መስመር የሚያሰምሩት ሠራተኞች ባልዲ ኖራ ይዘው መጡ። ከበሩ ጀምረው ቀጥ አድርገው እያሰመሩ ሄዱና ክምሩ ጋ ደረሱ። ጥቂት ቆመው ተያዩ። ከዚያ መስመሩን በክምሩ ላይ አሳልፈው፣ ካርቶኑንም ጠርሙሱንም ኖራ እየቀቡ፣ በወዲያ በኩል ወረዱ። መስመሩ ቀጥ ያለ መሆኑን ግዛቸው ራሱ መጥቶ አይቶ አመሰገናቸው።

የሚቀጥለው እሑድ ከአውራጃው ካድሬ ፍቅሬ መጣ። ወጣት ነው፤ ሰዓት አክባሪ ነው፤ ለማንም አይስቅም። በላንድሮቨር ነበር የመጣው። ግዛቸው ደንቡን ሊያሳየው ብሎ ከመንገድ ዳር እንዳያቆም ለመነው፤ ከመኪናው ኋላ ሆኖ ሁለት እጁን እያርገበገበ ወደ ግቢው መራው።

«ና! ና! ወደ ኋላ! በመስመሩ ይምጡ ጓድ! ትንሽ ይቀራል! ና!»

ሁለት ጎማ በአንድ ላይ ፈነዳ። አባ ኮዳዎቹ ብር ብለው ተነሱ፤ ግዛቸው ግን እጁን ማርገብገቡን ቶሎ አላቆመም።

ፍቅሬ አዳራሽ ገብቶ ከጠረጴዛው ኋላ ቆመ። «ይህ አደጋ አይደለም። አሻጥር ነው። በማቆሚያው ላይ ጠርሙስ የደፋው ማነው?»

ጠርሙሱ የኑሪ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲደፋ አይቶታል። የተደፋው ግን በውሳኔ ነው፤ ወሳኙም ሰፈሩ ሁሉ ነው። ይህን ተነስቶ መናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ውጭ ዝናብ ይዘንባል፤ ዳማው በጋሪው እንደተጠመደ ዝናብ ይመታው ነበር። ኑሪ አሳለ። ገበያነሽ ኩማን ከኋላ ቆነጠጠችው።

«ኩሜ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

ኩማ ወደ መስኮቱ ተመለከተ። ከዚያ ተነሳ።

«እኔ ነኝ ጓድ። ተሳስቻለሁ፤ ሁለተኛ አይለምደኝም።»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ግዛቸውም እጁን አንስቶ ነበር። ፍቅሬ አላጨበጨበም።

«አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ማን ላከህ?»

ኩማ ዞር ብሎ ገበያነሽን አየ። ገበያነሽ ነጠላዋን አፍንጫዋ ድረስ ከፍ አደረገች። «ማንም» አለ ኩማ።

«ሥራህ ምንድነው?»

«ባለጋሪ ነኝ።»

«ባለጋሪ» አለ ፍቅሬ፣ ቃሉን ደጋግሞ እያኘከ። «መኪና ሲበዛ ጋሪ ይጠፋል። ስለዚህ ባለጋሪው ጎማ ያፈነዳል። ግልጽ ነው፤ የመደብ ጥቅሙ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ኩማ ምን ሲያደርግ እንደኖረ ያውቃል። የስፌት መኪናውን መርፌ ያስታውሳል። አንድ ሰው ተነስቶ «ጓድ፣ ይህ ሰው የእኛ ልማድ ነው፤ ስብሰባ እንዲያልቅልን ነው የሚናገረው» ቢል ነገሩ በሳቅ ያልቅ ይሆናል፤ ወይም አያልቅም። ሊሞክረው የፈለገ አልነበረም። ኩማ እንዲታሰር ሐሳብ ቀረበ፤ እጆች ወጡ። ጋሪው እንዲወረስ ቀረበ፤ እጆች ወጡ፤ ከኑሪ እጅ የቀደመ እጅ አልነበረም። ሾላው ሥር ሁለተኛ እንዳይቆም ቀረበ፤ አሁንም እጆች ወጡ። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ፤ የገበያነሽ ድስትም አላረረም።

ፈረሱ የተሽከርካሪው አካል መሆኑ በሙሉ ድምፅ ያለፈ ቢሆንም ሣር ማቅረብ እንደሚያስፈልግ ሲታወቅ ያ ውሳኔ ተረሳ። ጥበቃዎቹ ዳማውን ፈትተው ለታቢታ ሰደዱላት። ጋሪውን እየገፉ ወስደው ከክምሩ አጠገብ፣ በሁለት ነጭ መስመሮች መሐል አቆሙት። በቀበሌያችን የማቆሚያውን ደንብ ያከበረ ተሽከርካሪ እሱ ብቻ ነበር።

ኩማ ከስሱ ግድግዳ ጀርባ ታሰረ። በዚያው ሳምንት የቀበሌው ስኳር በጭነት መኪና መጣ፤ ሲራገፍ አንድ ኩንታል ጎደለ። ፍቅሬ ሰምቶ እሑድ ራሱ መጣ።

«ስኳሩን የወሰደ ይነሳ» አለ።

ማንም አልተነሳም። የሰው ዓይን ኩማ ይቀመጥበት ወደነበረው ቦታ እየሄደ ይመለሳል። ግዛቸው ወደ ፍቅሬ ጎንበስ ብሎ «ኩማን ከዚህ ከጎን ብናመጣው…» አለ።

«እስረኛ ግለ ሂስ አያደርግም። ግለ ሂስ የጓዶች መብት ነው።»

የምሳ ሰዓት አለፈ። በሩ ተዘግቷል። ከግቢው የሚመጣው ሽታ በመስኮቱ ይገባል፤ ክምሩን ያነሳ የነበረው የኩማ ጋሪ ተወርሷል። ሕፃናት ያለቀሱባቸው እናቶች ጡት እያጠቡ ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ የኑሪ ትዕግሥት አለቀ።

«እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ብቻ የገበያነሽ ሻይ ሰሞኑን ጣፍጧል።»

«እኔን?» ገበያነሽ ብድግ አለች። «አንተ ሱቅ ጓዳ ያለው ጆንያ የማን ማኅተም ነው ያለበት? ልናገር? ማን በማን ጋሪ፣ ማን ቁልፍ ሰጥቶት…»

«ሥርዓት!» ብሎ ጮኸ ግዛቸው። ቁልፍ የሚለው ቃል ሲነሳ ፊቱ ተለዋወጠ፤ የሱቁ ቁልፍ እሱ ጋ ነው የሚያድረው። «ጉዳዩ ለሚቀጥለው እሑድ ይተላለፍ! የምትደግፉ!» እንደዚያ ቀን ፈጥነው የወጡ እጆች አልነበሩም።

እውነት ወደ አዳራሹ ልትገባ በር ላይ ደርሳ ነበር። ቀበሌያችን ደነገጠ። በማግስቱ ግዛቸው ለአውራጃው ማመልከቻ ጻፈ፤ ኩማ ተጸጽቷል፣ ሕዝቡም ይቅርታ ጠይቆለታል ተባለ፤ ኩማም በምክር ተፈታ። ጋሪው ግን በመስመሩ መሐል ቀረ።

ወዲያው ኑሪና ገበያነሽ ኩማ ቤት ሄዱ። ገበያነሽ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ለታቢታ ሰጠቻት።

«ምንድነው እትዬ?» አለች ታቢታ።

«ትንሽ ስኳር ናት። ለሻይ።»

ታቢታ ወረቀቱን እንዳለ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ኑሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ኩማ፣ ያለፈው አልፏል። ሰው ሁሉ አዝኖልሃል። እሑድ ትመጣና እንደ ድሮው… ይቺን የስኳር ነገር… ሁለት ቃል ናት።»

«ለዚያ ካድሬ?» አለች ታቢታ። «ባለፈው ሁለት ቃል የት እንዳደረሰው አላያችሁም?»

«አሁንማ እሱም ለምዶናል፤ ይገባዋል» አለች ገበያነሽ።

«ስኳሩን ማን ወሰደው?» አለች ታቢታ።

«እሱማ ማን ያውቃል እኅቴ» አለ ኑሪ፣ ወረቀቱን ሳያይ።

«ጋሪዬስ?» አለ ኩማ።

«ደህና ነው። ማንም አልነካውም።»

«ጋሪዬና የሾላው ሥር አስቀድመው ይመለሱ። በአዳራሹ እጅ ይውጣበት። ከዚያ እናያለን።»

ኑሪ ትከሻው ላይ መታው። «ይኸው! ሰው ማለት አንተ ነህ!» ደስ ብሏቸው ወጡ። እጅ ማውጣት ለእነሱ ምናቸው ነው።

እሑድ አዳራሹ ከወትሮው ቀድሞ ሞላ። ፍቅሬ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠ። ኑሪ ተነስቶ የበዓሉ እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ክምሩ ይነሳ ዘንድ፣ ለዚህም ጋሪው ለባለቤቱ ይመለስ ዘንድ፣ ባለቤቱም ለሥራው እንዲመቸው ለጊዜው ሾላው ሥር ይቆም ዘንድ ሐሳብ አቀረበ።

«ለጊዜው አይባልም» አለ ኩማ ከኋላ።

ኑሪ ወደ ግዛቸው አየ። ግዛቸው ራሱን ነቀነቀ። «ለጊዜው የሚለው ይውጣ» አለ ኑሪ።

ፍቅሬ ቅር ብሎት ነበር። የሽታው ነገር ግን እሱንም አንገሽግሾታል፤ የስኳሩንም ነገር ዛሬ ጨርሶ መሄድ ይፈልጋል። እጆች ወጡ፤ አንዳንዱ ሁለት እጁን አወጣ። ኩማ «ፈረሴን ጠምጄ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ሰው ሁሉ ወደ በሩ እያየ ጠበቀ። ኩማ ተመልሶ መጥቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። አዳራሹ እፎይ አለ።

«የመጨረሻው አጀንዳ» አለ ግዛቸው፣ ድምፁ ውስጥ ምሳው እየተሰማ። «ስኳሩን የወሰደ ካለ አብዮታዊ ግለ ሂሱን ያድርግ።»

ገበያነሽ መቆንጠጥ አላስፈለጋትም። ኩማ ተነሳ። ግዛቸው ለጭብጨባ እጁን አዘጋጀ።

«ፈረሴ ተጠምዶ ቆሟል» አለ ኩማ። «ልሂድ።»

«ግለ ሂሱስ?»

«ዛሬ የለኝም።»

«ስኳሩ! የስኳሩ ነገር!»

«ስኳር አልወሰድኩም። ስኳሩ ሲጠፋ እዚያ ነበርኩ።» በጣቱ ስሱን ግድግዳ አሳየ። «ቁልፉ ከውጭ ነበር።»

ይህን ያሰበ አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው፣ ሊቀመንበሩ፣ ኮሚቴው፣ ማመልከቻውን የጻፈውና የፈረመው፣ በራሳቸው እጅ የቆለፉበትን ሰው በዚያው ሳምንት ስኳር እንዲሰርቅላቸው ጠይቀውት ነበር። ስንት ዓመት ያላጠፋውን ሲወስድ ስላዩት፣ አንድ ሰው አንድን ነገር ለማጥፋት ቢያንስ እዚያ መገኘት እንዳለበት ረስተውታል።

ጥበቃዎቹ ወደ ፍቅሬ አዩ። ፍቅሬ ኩማን ጥቂት ተመለከተውና በራሱ ንቅናቄ ወደ በሩ አመለከታቸው፤ ተከፈተ። ኩማ ወጣ። በሩ እንደገና ተዘጋ። የጋሪው ጎማ ድምፅ በአዳራሹ ጥግ ዞሮ፣ በመስኮቱ ትይዩ አልፎ፣ ሾላው ሥር ሲደርስ ቆመ። ኩማ ወርዶ ለዳማው ሣሩን ሲያቀርብለት በመስኮቱ ይታይ ነበር።

«ጓዶች» አለ ፍቅሬ። «እሱ ካልሆነ፣ ከእናንተ መሐል ነው።»

«አሁን ማን ይነሳ?» አለች ገበያነሽ በሹክሹክታ፣ ከፊቷ ወዳለው ባዶ ቦታ።

ኑሪ ጫማውን አየ። ግዛቸው ጣራውን አየ። ፍቅሬ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።